ንጉሡ ነው እሳቱ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኮምፒውተሬን አጠቡብኝ። እነሱ "ፎርማት" ነው የሚሉት። ዐሥራ ስድስት ዓመት የጻፍኩበት የቢሮ ሶፍትዌር ከነሥሩ ተነቀለ። ጥፋቱ ምንድን ነው? ላይሰንስ የለውም። እርግጥ የለውም፤ ከሰው በፍላሽ የተገለበጠ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ከላይ ቀይ መስመር እያወጣ "ኦሪጅናል አይደለሁም" ይለኝ ነበር። እኔስ መቼ ኦሪጅናል ነህ አልኩት? እየሠራ አልነበር እንዴ!

ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ነው። ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የተማሪ ስም ዝርዝሩ። በነጻ። ይህን ጉድ ያመጣችው የኮምፒውተር መምህራችን ሜሮን ናት። ከአዳማ የመጣች፣ ደብረ ታቦር ገና ሁለተኛ ዓመቷ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ እስካሁን ያልለቀቃት ልጅ፤ ክፍል ውስጥ ጋቢ ደርባ ታስተምራለች። ክፋት የለባትም። ግን "አንቺ" ትለኛለች። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ "እትዬ ስንዱ" ትልና በ"አንቺ" ትቀጥላለች። በአገሯ እንዲህ ነው አሉ። ይሁን።

"ሴቭ አታድርጊ፣ ራሱ ሴቭ ያደርጋል" አለችኝ አምስት ጊዜ። እጄ አልሰማ አለ። ሁለት መስመር ስጽፍ ጣቴ ብቻውን ሄዶ ይጫነዋል። እሷ ሳቀች። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ ሴቭ ማድረግ የረሳ ጸሐፊ ምን እንደሚያገኘው እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳኛቸው ጠሩኝ። አንገታቸውን ሲያሹ ነገር እንዳለ ዐወቅሁ። አዲስ የሠራተኛ ድልድል ሊመጣ ነው። "ወይዘሮ ስንዱ፣ እንግዲህ ሁሉም ለራሱ የሚጽፍ ከሆነ፣ ለሁለት ትምህርት ቤት አንድ ጸሐፊ ይበቃል እየተባለ ነው" አሉኝ። እኔስ? "ምናልባት አንበሳሜ።" ምናልባት! እናቴ ጉልበቷ ከተያዘ አራት ዓመት አለፈው። ጠዋት አቅፌ የማስነሳት፣ ማታ አሽቼ የማስተኛት እኔ ነኝ። አንበሳሜ ቤት ተከራይቼ እሷን በማን ልጥላት?

ስወጣ ደግሞ ጨመሩልኝ። ዐርብ ኅዳር 12 ነው፤ እንደ ልማዱ ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። "እነዚያን አሮጌ ወረቀቶችም በጆንያ ያድርጓቸው፣ ከእንግዲህ አያስፈልጉም።" አሮጌ ወረቀት ያሏቸው የምዝገባ መዝገቦቼን ነው። ዕቃ ክፍል ገብቼ በሁለት ጆንያ ሞላኋቸው። አላለቀስኩም። አቧራ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ለማንም አልናገርም። እዚህ ግን ልጻፈው።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ለብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ዐርብ ከሰዓት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለዞን መላክ አለበት። ድሮ ቢሆን እኔ ከመዝገቡ እገለብጣለሁ፣ የክፍል ኃላፊዎቹ አይተው ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን መምህራኑ በየስልካቸው የየክፍላቸውን ስም አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ላይ ጻፉ። ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በየቀለሙ ምልክት ሲርመሰመስ፣ ዐይኔን አዞረው። ሜሮን ደግሞ የእኔን የድሮ ዝርዝር ከጎኑ አስቀመጠችና ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንዲያስተያይ አዘዘችው። በሁለቱም ላይ ያለ ስም ይቀራል፤ በአንዱ ብቻ ያለ ይወጣል። እስክቀመጥ አልቆ ነበር።

እኔ ዘንድ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ነበሩ። መቶ ሰባ ሰባት ሆኑ። ሠላሳ ሰባቱን "ያቋረጡ" ብሎ ለብቻ ከምሯቸዋል። አቶ ዳኛቸው በትከሻዋ ላይ አዩና "በየዓመቱ የሚያቋርጥ አይጠፋም፣ ጎበዝ ሜሮን!" ብለው ሄዱ።

ሁሉም ምሳ ሲወጡ እኔ ሠንጠረዡን በራሴ ስም ከፍቼ ያቋረጡትን አነበብኳቸው። ፀሐይ። ሥዩም። ኃይሉ። ዓይናዲስ። ሠርካለም። ኅሩይ። ወይ ጉድ! የት አቋርጠው! ኃይሉን ዛሬ ጠዋት በር ላይ አይቼዋለሁ።

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ንጉሥን በእሳቱ ሰ የጻፈ ልጅ በመዳፉ አለንጋ ነበር የሚቀምሰው፤ እኔም ቀምሻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ ስመዘግብ በሚገባው ፊደል ነው የመዘገብኩት። ሥዩም በንጉሡ ሠ፣ ኃይሉ በብዙኃኑ ኀ፣ ዓይናዲስ በዐይኑ ዐ። መምህራኑ ግን በስልክ ጣታቸው ያገኘውን ነው የነኩት፤ ስዩም፣ ሀይሉ፣ አይናዲስ። ለጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። ሁለቱንም አላውቃችሁም ብሎ ጣላቸው።

ተነሥቼ ሜሮንን መጥራት ነበረብኝ። ዐሥር እርምጃ አይሆንም፤ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብላ ሽሮዋን እየበላች ነበር። አልጠራሁም። ልቤ ምን አለኝ? "ተያቸው። ጸሐፊ አያስፈልግም ያሉት እነሱ ናቸው፤ ይዩታ!" አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሁሉም ይስማ ብዬ ነው። አዎ፣ ይኸው ነው የተመኘሁት።

ይህ ሳያንስ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሠርካለም የክርስትና ልጄ ናት። የእሷን ስም ብቻ አንሥቼ ወደ ተፈታኞቹ መለስኳት። አንዷን። ከዚያ ጣቴ እንደ ልማዱ ሴቭ ሊል ሄደ፤ ራሱ አድርጎት ነበር።

ሠላሳ ስድስት ቀሩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዝርዝሩ ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አራት ሰዓት ላይ መስኮቴ በተማሪ ተሞላ። ስሜ የለም፣ ስሜ የለም፣ ስሜ የለም። እኔ ምን አልኳቸው? "የኮምፒውተር ነገር መምህርት ሜሮንን ጠይቁ።" ድምፄ ራሱ አስጠላኝ።

ሜሮን ልታየው ብትል ኔትወርክ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ድርግም ብሏል። ደብዳቤውም እዚያ፣ ስሙም እዚያ፣ ሁሉም ነገር እዚያ፤ እኛ እዚህ። ስልኳን ከፍ አድርጋ በግቢው ስትዞር ቆየች፣ ባንዲራው ሥር፣ ከዚያ ውሃ ታንከሩ ላይ ወጥታ። ከእጅ አይሻል ዶማ! አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ሻይ እስክጠጣ እንኳ አልቆየም።

አቶ ዳኛቸው ባሕር ዳር ስብሰባ ሄደዋል። በስልክ "አቤቱታ ያለው ወላጅ ይዞ ይምጣ" ብለው አዘዙ። ወላጅ! ግማሾቹ ከጉና ሥር፣ ከገብስ አጨዳ ላይ ነው ወላጅ የሚያመጡት?

የሚያብሰለስለኝ፦ ሠላሳ ስድስቱ። ድልድሉ። ዐርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት። የእናቴ ጉልበት። ሜሮን ስለ ሠርካለም ትጠይቀኝ ይሆን? ሠርካለም ራሷ ዛሬ ስታገኘኝ ጉንጬን ሳመችና "ስሜ አለ፣ እናቴ!" አለችኝ። የክርስትና እናቷ አይደለሁ! ልቀቂኝ ብዬ ገፋኋት፣ ክው አለች።

እራት አልበላሁም። እናቴ "ሆድሽን የሞላው ምግብ ነው ወይስ ነገር?" አለችኝ። ጨጓራዬ ነው አልኳት። "የዛሬ ጨጓራ ብዙ ያወራል" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሦስት ሰዓት ላይ አያ ደመላሽ መጡ። የፀሐይ አባት ናቸው። ከጉና ሥር ሌሊት ተነሥተው፣ ውርጩን እየረገጡ፣ ልጅቷን ከኋላ አስከትለው። ጫማቸው ላይ የገብስ ጭድ ተጣብቋል። አጨዳውን ለጎረቤት ጥለው ነው የመጡት። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ አንቺን ዐውቅሻለሁ" አሉኝ። "የዛሬ ሦስት ዓመት ይቺን ሳስመዘግብ ስሟን ስነግርሽ 'በየትኛው ፀ ልጻፋት?' ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንቺ ደስ ባለሽ አልኩሽ። አንቺም 'እንግዲያው እንደ ሰማዩዋ' ብለሽ ጻፍሽልኝ። ለእናቷ ስነግራት ምን ያህል ደስ እንዳላት! እና አሁን አንቺ የጻፍሽው ስም እንዴት ይጠፋል? አንቺ እያለሽ?"

አንቺ እያለሽ።

ፀሐይ ነጠላዋን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ያን ቀን አላስታውሰውም። ስንቱን ነው የመዘገብኩት! እሳቸው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘውታል። "አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ይቀመጡ፣ እባክዎ ይቀመጡ" ብዬ ወጣሁ፤ በግቢው ስሮጥ ዘበኛው እሳት ተነሣ መሰለው።

ሜሮንን ከክፍል ጠርቼ ነገርኳት። ፊደሎቹን ጠመኔ ተቀብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት። ሰ፣ ሠ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። ልጆቹ ፊት ነው። አየችውና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "እኔ እኮ አንድ መስለውኝ ነው" አለች። "ለማንበብ አንድ ናቸው፣ ለመጻፍ ግን አንድ አይደሉም" አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ። "እትዬ ስንዱ፣ መቼ አየሽው?"

"አሁን። እሳቸው ሲመጡ።"

ዋሸሁ። ሳላስብ ከአፌ ወጣ። ሐሙስ ላይ ሆኜ ማክሰኞን ዋጥኩት።

ኔትወርክ አሁንም የለም። እኔ ግን መዝገብ አለኝ፤ ማለቴ ጆንያ አለኝ። ዕቃ ክፍል ሄደን ሁለቱን ጆንያ መሬት ላይ ገለበጥናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ "ነገ የሚቃጠል ነው ተብያለሁ!" እያለች ስትጮህ ሜሮን "ይቺን ካቃጠልሽ እኔንም ጨምሪኝ" አለቻት። ትክክለኛውን መዝገብ አገኘነው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ በወረቀት ትጽፋለች። በእያንዳንዱ ስም ቀና እያለች፣ "ንጉሡ ነው እሳቱ?" "ንጉሡ።" "ሐመሩ ነው ብዙኃኑ?" "ብዙኃኑ።" ጣቶቿ በብርዱ ደርቀው እስክሪብቶው እየወደቀባት። ዐሥር ሰዓት ላይ ሠላሳ ስድስቱም ነበሩን። ወደ ሠርካለም ስንደርስ "ይቺ እኮ ዝርዝሩ ላይ አለች" አለች ሜሮን። "አለች" አልኩ። ገጹን ቶሎ ገለጥኩት።

ለአያ ደመላሽ የልጃቸውን ስም በወረቀት አሳየኋቸው። እንደማያነቡ ረስቼ ነው። ግን በጣታቸው ነኩት፣ "ይቺ ናት?" አሉ። ይቺ ናት አልኳቸው። እሷ ናት።

ዐርብ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት ነው፤ ከተማው በሙሉ ይጨሳል። በየደጁ ጠርገው አቃጥለዋል፣ ቢሮ ስገባ ዐይኔ ይለበልበኝ ነበር። የእኔ ጆንያዎች ግን ከክምሩ የሉም። ጠረጴዛዬ ሥር ናቸው፤ እግሬን የማስቀምጥበት የለም፤ ግድ የለም።

ኔትወርኩ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሜሮን ስሞቹን አንድ በአንድ መለሰቻቸው፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ ፊደል ፊደሉን አየሁ። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ለዞን ተላከ። "ደርሷል" የሚል መልስ መጣ። ሜሮን ዘላ ጉንጬን ሳመችኝ። የሚገርመው እኔም ሳምኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር የተመለሱት አቶ ዳኛቸው መምህራኑን ሰበሰቡ። አስነሡኝ። "ወይዘሮ ስንዱ ባይኖሩ የሠላሳ ሰባት ልጆች ዓመት አመድ ሆኖ ነበር" አሉ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ለብቻ ወስደው "ድልድሉን አይስጉ። ለዞኑ ደውያለሁ፤ ይህ ትምህርት ቤት ያለ እርስዎ እንደማይሆን ነግሬያቸዋለሁ" አሉኝ። ይህን ቃል ዐሥራ ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እግሬ መሬት አልነካም። ለእናቴ ደወልኩ፣ እልል አለች፤ ነገ ወንዛዬ ፍል ውሃ እወስድሻለሁ አልኳት።

ደስታዬ የቆየው እስከ ዘጠኝ ተኩል ነው።

ሠንጠረዡን ልዘጋ ስል በጎኑ አንዲት ቢጫ ማስታወሻ፣ እነሱ ኮመንት የሚሏትን፣ አየሁ። የሠርካለም ስም ላይ ናት። ሜሮን የጻፈችው። "ይህ ስም ማክሰኞ ምሳ ሰዓት በእጅ ተመልሷል። ብቻውን። ማን መለሰው? ሌሎቹን አላያቸውም ነበር?"

ለካ ይህ ነጻ የተባለው ነገር ማን ምን እንደነካ፣ በስንት ሰዓት እንደነካ ሁሉ ይመዘግባል! የድሮው ሶፍትዌሬ ምሥጢር ጠባቂ ነበር። እንደኔው እሱም ይውጥ ነበር። ይሄኛው ስሜን ከነሰዓቱ ይዞታል። ሜሮንም አይታዋለች። እያየችው ግን ስሜን አልጻፈችም፤ "ማን" ብላ ተወችው።

ኮመንቱን ሁሉም ያያል። አቶ ዳኛቸውም ያያሉ፤ ሠንጠረዡን ከፍተውታል፣ አረንጓዴ ምልክታቸው ከላይ ነበረች።

ዝም ብል? ዕዳው ገብስ ነው፤ ስሞቹ ተመልሰዋል፣ ሁሉም ረክቷል፣ ሜሮንም ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች። አንበሳሜ የለም። እናቴ አልጋዋ ላይ ናት። ይህን ሁሉ አሰብኩ። መለስ ብዬ ደግሞ ያ "አንቺ እያለሽ" ያሉት መጣብኝ። እኔ እያለሁ ነው እኮ የጠፋችው! እኔ እያለሁ፣ እያየሁ።

ጻፍኩ። "እኔ ነኝ። ስንዱ። ማክሰኞ ሠላሳ ሰባቱንም አይቻለሁ። ለምን እንደወጡም ገብቶኛል። የክርስትና ልጄን ብቻ መልሼ ዝም አልኩ። ትናንት ለሜሮን አሁን ነው ያየሁት ያልኩት ውሸት ነው።"

አነበብኩት። "ገብቶኛል" የሚለውን "ገብቶኝ ነበር" አልኩት። ላጥፋው ወይስ ልተወው እያልኩ ጣቴ ብድግ አለች፣ ወደ ሴቭ ልትሄድ። የድሮው ቢሆን አንድ ጊዜ አስብ ነበር፤ ሳላስቀምጠው ዘግቼ መውጣት እችል ነበር። "ላክ" የሚለውን ነካሁት። አረንጓዴዋ ምልክት ሠርካለም ስም ላይ መጥታ ቆመች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠፋች።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወንዛዬ ነን። በሚኒባስ እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ በባጃጅ። እናቴ ከፍል ውሃው ወጥታ በጋቢ ተጠቅልላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን እየነካካች "ዛሬስ እሺ ብሎኛል" ትላለች። ስለ ትናንት ነገርኳት። ሁሉንም። ድልድሉን ጨምሬ። "አባትሽ ቢሰማ በአለንጋ ነበር" አለች። ከዚያ "ብትሄጂም በአንበሳሜ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እኔም እኖርበታለሁ" አለች።

አቶ ዳኛቸው ጠዋት መልእክት ልከዋል። "ሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ እንገናኝ።" ሰላምታ የለውም። ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሃያ ጊዜም ያው ነው።

ሜሮን ግን ምንም። ኮመንቱን ማየቷን ዐውቃለሁ፤ መልስ የለም። ተቀይማኛለች። ትቀየመኝ፣ ይገባኛል። ልደውልላት እያልኩ ስልኩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሣሁ።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ራሱ ጮኸ። እሷ ናት። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን የለ። ከጀርባዋ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ይሰማል።

"የዘጠነኛ ክፍሎቹን እየጻፍኩ ነው" አለች። "ሥላሴ፣ ንጉሡ ነው እሳቱ?"

"ንጉሡ" አልኩ። "የመጀመሪያው ንጉሡ፣ ሁለተኛው እሳቱ።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው።

እናቴ ማናት አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ናት አልኳት።